የኋላ ወንበር

መቼም መድረክ ላይ ወጥቶ የሚለፈልፍ ሰው ማይክሮፎን በራሱ ጊዜ የሚሠራ ይመስለዋል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት መሣሪያዬ ጠመኔ ነበር፤ ጠመኔ ደግሞ ባለሙያ አይፈልግም። ማስተማሩን ትቼ በየወሩ የሚዘጋጅ የግጥምና የሙዚቃ ምሽት መድረክ መሪ ከሆንኩ በኋላ ግን፣ አዳራሹ ጥግ ከአንዲት ጠረጴዛ ኋላ የሚቀመጡ አንድ አንጋፋ ባልደረባ እንዳሉኝ ተነገረኝ። ተነገረኝ ነው የምለው፤ አላየኋቸውማ!

ስማቸውን እንዳልጽፍ አስምለውኛል። (አይገርምም፤ በአምሳ ዓመት ውስጥ ስማቸው ፖስተር ላይ ወጥቶ አያውቅም።) «ጋሼ» እያልኩ ልቀጥል።

የተዋወቅነው በጠብ ነው። ከሰዓት በኋላ በባዶው አዳራሽ ድምፅ ስንሞክር ቃሌ ሁሉ ግድግዳ እየመታ ይመለሳል። «ጋሼ፣ ዋሻ የገባሁ ነው የሚመስለው፤ ያስተካክሉት እንጂ!» አልኩ።

«ማታ ይስተካከላል» አሉ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

«ማን ያስተካክለዋል?»

«ሕዝቡ።»

የቀለዱብኝ መሰለኝና ተቆጣሁ። ማታ አዳራሹ ሞላ፤ ድምፄም ጥርት ብሎ ወጣ። በማግስቱ ሻይ ስጋብዛቸው አስረዱኝ። ሰው ድምፅ ይጠጣል። ጋቢውም፣ ካፖርቱም፣ ሥጋውም ይጠጣል። ሲሚንቶና ባዶ ወለል ግን የተሰጣቸውን ይመልሳሉ። ስለዚህ ቀን ላይ ለባዶ አዳራሽ ያስተካከለ ባለሙያ ማታ ይዋረዳል፤ ጋሼ የሚያስተካክሉት ገና ላልመጣው ሰው ነው። ክረምት ላይማ ሰው ወፍራም ልብስ ስለሚደርብ እሱንም ያስቡበታል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስለ «አንባቢ» ሳስተምር እንዲህ ያለ ግልጽ ነገር ተናግሬ አላውቅም።

«አንቱታውን ለመነኮሳት ተውልኝ» አለኝ በሁለተኛው ሻይ ላይ። እኔም ትእዛዙን አክብሬያለሁ፤ አንባቢ «ስድ» ብሎ እንዳይፈርድብኝ።

ሥራውን የጀመረው በ1967 ዓ.ም. ነው፤ በአሥራ ሰባት ዓመቱ፣ የአንድ ሆቴል ባንድ ገመድ ተሸካሚ ሆኖ። የሰዓት እላፊ ዘመን ነበርና ለዳንስ የገባ ሰው ሰዓቱ ካለፈ መውጣት አይችልም፤ በሩ ተዘግቶ እስኪነጋ ይጨፈራል። «ሁሉም ደስ ብሎት አይደለም የሚጨፍረው፤ መሄጃ ስለሌለውም ነው» ይላል። እሱ ግን ልጅ ነውና ሲደክመው ስፒከሩ ሥር ጥቅልል ብሎ ይተኛል። ሌላ ቦታ የለማ! ይቺን እንቅልፍ ልብ በሉልኝ።

ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም. የቦብ ማርሌይ 60ኛ ልደት መስቀል አደባባይ ላይ ሲከበር እሱም እንደ ብዙው ሰው ቆሞ አይቷል። ሰው መድረኩን ሲያይ እሱ የሚያየው ስፒከሮቹን ነበር። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው፤ ከመድረክ ከራቅህ ዘፋኙ አፉን ከከፈተ በኋላ ነው ዘፈኑ የሚደርስህ። መሀል ላይ ሌላ ስፒከር ካቆምህ ደግሞ ሆን ብለህ ማዘግየት አለብህ፤ አለዚያ አንዱ ቃል ሁለት ጊዜ ይሰማል። ይኼን ሲያስረዳኝ የሻይ ብርጭቆዎቹን ጠረጴዛው ላይ በመስመር ደርድሮ ነበር። አስተናጋጇ ልትሰበስብ ብትመጣ «ተይ፣ መስቀል አደባባይን አታፍርሺብን!» ብሎ ተቆጣት።

ነገሩ የተበላሸው ባለፈው ዓመት ነው። አንዲት ወጣት ገጣሚ እያነበበች ሳለ ቀጭን ፉጨት ጀመረ። ፉጨት ማለት ማይኩ የስፒከሩን ድምፅ ሰምቶ መልሶ ለስፒከሩ፣ ስፒከሩም ለማይኩ፣ እንደ ሐሜት እየተቀባበሉ ሲያገዝፉት ነው። ጋሼ ይኼን ገና ሳይወለድ የሚቀጭ ሰው ነበር። ያን ማታ ግን ተመልካቹ ጆሮውን ይዟል፤ እሱ ተረጋግቶ ተቀምጧል። ሮጬ ደረስኩ። የእኔን ፊት አይቶ ነው እጁ ወደ ሚክሰሩ የሄደው።

ሰዉ ከወጣ በኋላ ገመድ እየጠቀለለ ነገረኝ። «ቀጫጭኖቹ ሄደዋል» አለኝ። ከጩኸት አጠገብ የኖረ ጆሮ ቀድሞ የሚያጣው ቀጫጭን ድምፆችን ነው። ከበሮው ይሰማል፣ ቤዙ ይሰማል፤ ሰ፣ ሸ፣ ጸ፣ ፈ ይጠፋሉ። እንዲህ የተጎዳ ጆሮ ደግሞ አይመለስም። ሐኪም ዘንድ ሄዷል፤ ለልጆቹ አልነገረም። የጡረታ ወረቀት የለውም፤ አምሳ ዓመት ሙሉ በየምሽቱ ተከፍሎት የሄደ ሰው ነው። «መምህር፣ ካወቁ ነገውኑ ሌላ ሰው ይቀጥራሉ።»

ታዲያ ምን ላድርግ? ታዳሚው ገንዘቡን ከፍሎ ነው የሚመጣው። ልጅቷም ግጥሟን በፉጨት ተነጥቃለች። አዘጋጁ ደግሞ ወዳጄ ነው። ሁለት ጊዜ ስልክ አንስቼ ሁለት ጊዜ ዘጋሁ። ክፍል ውስጥ ቢሆን ስለ ገጸ ባሕርያት የኅሊና ግጭት ሁለት ሰዓት አወራ ነበር!

በመጨረሻ እንዲህ ተስማማን። ተጋባዡን አስተዋውቄ ስወርድ ፊት ወንበር አልቀመጥም፤ ጋሼ በሚያየኝ በኩል የኋላ ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው። ፉጨት ሲያሰጋ ጠቋሚ ጣቴን አነሳለሁ፤ ሰ እና ሸ ሲደበዝዙ አውራ ጣቴን። (አንድ የቀድሞ ተማሪዬ አይቶኝ «መምህር፣ ጥያቄ አለዎት?» ብሎ ሳቀብኝ።) በምትኩ እሱ አንድ ወጣት አስቀምጦ ሙያውን ሊያስተምር ቃል ገባ። ልጁ ጎበዝ ነው። የጆሮ መከላከያ ገዝተንለታል፤ ኪሱ ውስጥ ይከተዋል እንጂ አያደርገውም።

ባለፈው ወር ጋሼ ራሱ ለአዘጋጁ ነገረው፤ ይህን የምጽፈውም ስለነገረውና ስለፈቀደልኝ ነው። አዘጋጁ ብዙ ዝም ብሎ ቆየና ክፍያው ለሁለት እንዲካፈል ወሰነ፤ ግማሹ ለጋሼ፣ ግማሹ ለልጁ። ፍርድ ነው? እኔ እንጃ። አምሳ ዓመት ሠርቶ ግማሽ ደመወዝ! ጋሼ ግን አልተከራከረም፤ ጠረጴዛው ጋ አለ።

ቅዳሜ ለት በእረፍቱ ሰዓት ሻይ ይዞልኝ መጣ።

«ስኳር አድርገህበታል?» አልኩት።

«ሰዓቱማ ገና ነው፤ ተረጋግተህ ጠጣ» አለኝ።

ጠጣሁት። ስኳር የለበትም።