ከበሽተኛው ራስጌ ማን ይቀመጥ?

ሕክምና የሐኪም ጉዳይ ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ በብዙዎቻችን ቤት ሥር የሰደደ ነው። እኛ ግን በመምህርነታችን ከተማሪዎቻችን ሌላ ጥያቄ ይቀርብልናል፤ «እኔ ሕግ ነው የምማረው፣ እኔ ፍልስፍና ነው የምማረው፤ ለታመመ ሰው ምን እጠቅማለሁ?» ይሉናል። ለዚህ መልስ የሚሰጥ አንድ የትምህርት ዘርፍ አለ፤ ባዮኤቲክስ ይባላል፤ የሕክምናና የሕይወት ሳይንስ ሥነ ምግባር ማለት ነው።

ዘርፉ ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት በአሜሪካ፣ በአላባማ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1972 ድረስ የመንግሥት የጤና ተመራማሪዎች 600 የሚሆኑ ጥቁር ወንዶችን ተከታትለዋል። ከነዚህ ውስጥ 399ኙ ቂጥኝ የያዛቸው ነበሩ። በሽታቸው ምን እንደሆነ አልተነገራቸውም፤ «መጥፎ ደም አለባችሁ» ብቻ ተባሉ። ፔኒሲሊን በ1940ዎቹ መጨረሻ የታወቀ መድኃኒት ከሆነ በኋላም ተነፈጉ። ፒተር በክስተን የተባለ ሠራተኛ በ1966 ተቃውሞውን ለአለቆቹ ቢጽፍም ሰሚ አላገኘም፤ ጥናቱ የቆመው ነገሩ በ1972 ጋዜጣ ላይ ከወጣ በኋላ ነው። ይህን የፈጸሙት መሃይማን አልነበሩም፤ የተማሩ ባለሙያዎች ነበሩ። እርስ በርሳቸው ብቻ ተማክረው ስለወሰኑ ግን እውቀታቸው ከበደል አላዳናቸውም።

ከዚህ በኋላ በ1974 በወጣ ሕግ 11 አባላት ያሉት ኮሚሽን ተቋቋመ። በውስጡም ከሐኪሞችና ከተመራማሪዎች ጋር የሕግና የሥነ ምግባር ምሁራን ተቀመጡ። ኮሚሽኑ በ1979 ይፋ ባደረገው የቤልሞንት ሪፖርት ሦስት መሠረቶችን አስቀመጠ፦ የሰውን ክብርና ፈቃድ መጠበቅ፣ መልካም ማድረግና ጉዳትን ማራቅ፣ ፍትሕ።

ዛሬ ፌሎሺፕ የሚባለው የሥልጠና ዕድል ይህንኑ የጋራ ገበታ ወደ ትምህርት የለወጠ ነው። በሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ያለው የባዮኤቲክስ ማዕከል ሐኪሙን፣ ነርሷን፣ ጠበቃውንና የሃይማኖት አገልጋዩን በአንድ ክፍል ሲያስተምር ቆይቷል። ፎጋርቲ የተባለው የአሜሪካ መንግሥት ማዕከልም ከ2000 ጀምሮ የታዳጊ አገሮች ባለሙያዎች የምርምር ሥነ ምግባርን እንዲማሩ ድጋፍ ሲሰጥ፣ በርካታ አፍሪካውያን በዚህ ዕድል ሠልጥነዋል። ጠበቃው «ፈቃዱን የሰጠው ማን ነው?» ሲል ይጠይቃል። ነርሷ ሕመምተኛው ሌሊት የነገራትን ታነሳለች። ሐኪሙ ደግሞ መድኃኒት የሚችለውንና የማይችለውን ይናገራል።

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ አይምሰላችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ ወዳጃችን አባት በጽኑ ሕሙማን ክፍል በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ሳሉ፣ ሐኪሙ «አንጎላቸው ፈጽሞ ሥራ አቁሟል» አላቸው። ልጆቹ መድረሳም ዘመናዊ ትምህርት ቤትም መግባታችንን ያውቁ ነበርና «ልባቸው እየመታ እንዴት ሞቱ ይባላል?» እያሉ ወደ እኛ መጡ። ሐኪሙ የነገራቸው ስለ አንጎል ነበር፤ እነርሱን ያስጨነቃቸው ግን የእናታቸው ዒዳ፣ ውርሱና በአላህ ፊት ያለባቸው ተጠያቂነት ነበር። እኛም ከራሳችን ፈትዋ ከመስጠት ይልቅ የሰፈራችንን ሸኽ ይዘን ሐኪሙ ዘንድ ሄድን።

ሸኹ አስቀድመው የጠየቁት «ምርመራውን ማን አደረገው? ስንት ጊዜስ ተደገመ?» ብለው ነበር። ቀጥለውም ዑለማዎች ከሐኪሞች ጋር መክረው የደረሱበትን አስረዱ። ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ በ1986 ዓማን ላይ፣ የአንጎል ሥራ በሙሉ ላይመለስ መቆሙን ሐኪሞች ካረጋገጡና አንጎሉ መበስበስ ከጀመረ ሰውየው እንደ ሞተ ይቆጠራል፣ መሣሪያውንም ማንሳት ይቻላል ብሎ ወስኗል። በመካ የተሰበሰበው የፊቅህ ጉባኤ ደግሞ በ1987 መሣሪያውን ማንሳት ቢፈቅድም፣ የሞት ሕግ የሚጸናው ልብና ትንፋሽ ሲቆሙ ነው ብሏል። ልዩነቱ ለቤተሰቡ ትልቅ ነው፤ ዒዳውም ውርሱም የሚቆጠረው ከዚያች ሰዓት ነውና። ሐኪሙ በጥሞና አዳመጡ፤ ምርመራው በሌላ ሐኪም እንዲደገምም አደረጉ። ልጆቹ ሐዘናቸው ባይቀንስም ከጥርጣሬ ወጡ።

ያ ግማሽ ሰዓት የተገኘው በአጋጣሚ ነው። ሸኽ ማምጣት ላልቻለው ቤተሰብ፣ ሐኪሙም ጊዜ ላጣበት ቀን ማን አለ? በሆስፒታሎቻችን የሁለቱን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው በሥራ ላይ ሊኖር ይገባል፤ እንዲህ ያለው ሰው ደግሞ በትምህርት እንጂ በምኞት አይገኝም።

ስለዚህ ሕግ፣ ነርስነት፣ ፍልስፍና ወይም የሸሪዓ ትምህርት የያዛችሁ ወጣቶች፣ ይህን በር አንኳኩት፤ የሥልጠናውን ዕድል ፈልጉ፣ ቋንቋችሁን አጎልብቱ። ወላጆችም ልጃችሁ ነጭ ካፖርት ካልለበሰ ለሕመምተኛ አይጠቅምም አትበሉ። ከበሽተኛው ራስጌ ገና ያልተያዘ ወንበር አለ። አላህ የሚገባውን ሰው ያስቀምጥበት።