ስለ ሸሚዝና ስለ እውነተኛ ልክ

ሰው ሌላውን ለመመዘን ሲነሣ እጁ ፈጣን ነው፤ ራሱን ለመመዘን ሲነሣ ግን ይንቀጠቀጣል። ይህን ነገር ለብዙ ዘመን ለተማሪዎቼ ስናገር ኖሬአለሁ፤ እኔ ራሴ በሚገባ የተማርሁት ግን ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ በአንድ ነጭ ሸሚዝ ምክንያት ነው። ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ስለ ሸሚዝ መጻፍ ለሽማግሌ መምህር የማይገባ ቀላል ነገር ቢመስልህ ጥቂት ታገሠኝ።

በ2015 ዓ.ም. ታናሽ ልጄ በአሜሪካ አገር፣ በሜሪላንድ ውስጥ በምትገኘው በሲልቨር ስፕሪንግ ልትዳር ሆነ፤ እኔም እዚያው በሚኖረው በታላቅ ወንድሟ ቤት አርፌ ነበር። ልጄን ይዤ በሰው ሁሉ ፊት የምቆም ስለ ሆነ ደኅና ሸሚዝ አስፈለገኝ። በሱቅ የሚሸጠው ሸሚዝ ኮሌታው ሲስማማኝ ትከሻው ይሰፋል፤ ትከሻው ሲስማማኝ በሆዴ ላይ ይጠባል። በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ የደንብ ልብሳችንን የሚሰፋው ሰው ሜትሩን በአንገቱ አንጠልጥሎ እያንዳንዳችንን አቁሞ ይለካን ነበር። ዛሬ ግን ልብስ ሰፊው ባሕር ማዶ ተቀምጦ፣ ደንበኛውን በዓይኑ ሳያይ፣ በኢንተርኔት በተላከለት ቁጥር ብቻ ይቈርጣል። ልጄ ይህን በነገረኝ ጊዜ ተደነቅሁ፤ ከብዙዎቹ ሰፊዎች አንዱን መምረጥም የእኔ ፈንታ ሆነ።

ሦስቱን አነጻጸርሁ። የመጀመሪያው በዚያ ጊዜ 45 ዶላር ብቻ ይጠይቅ ነበር፤ ገጹ በመልከ መልካም ጐልማሶች ሥዕል የተሞላ ነው፤ ነገር ግን ከቁመትና ከክብደት በቀር ምንም አይጠይቅም። ሁለተኛው 160 ዶላር ይጠይቃል፤ የሚመካውም በጨርቁ ስም ነው። ስም መልካም ነው፤ ሆኖም ስም ብቻውን እንዳያታልለን መመርመር ይገባል። ለምሳሌ ቶማስ ሜሰን የተባለው ዝነኛ የሸሚዝ ጨርቅ በእንግሊዝ አገር በላንክሻየር በ1796 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ነው፤ ከ1992 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ባለቤቱ አልቢኒ የተባለው የኢጣልያ ኩባንያ ነው። ጨርቁ መልካም መሆኑ አልቀረም፤ ነገር ግን ስሙ የተወለደበትና ባለቤቱ የሚኖርበት አገር ልዩ ልዩ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

ደግሞም ስለ ጨርቁ 80፣ 100፣ 140 እየተባለ ይጻፋል። ይህ የክሩን ቅጥነት የሚያስረዳ ነው። አቈጣጠሩም እንዲህ ነው፤ 840 ያርድ ርዝመት ያለው ፈትል አንድ ጥቅል ይባላል። ከአንድ ፓውንድ ጥጥ፣ ይኸውም ከ454 ግራም ያህል፣ 100 ጥቅል ከወጣ የክሩ ቁጥር 100 ነው፤ ይህም ወደ 77 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ፈትል ማለት ነው። እናቴ በእንዝርት ስትፈትል ለነጠላ የሚሆነውን ቀጭኑን፣ ለጋቢ የሚሆነውን ወፍራሙን ትለይ ነበርና ነገሩ ቶሎ ገባኝ። እንግዲህ የቁጥሩ ከፍታ የጨርቁን ልስላሴ ይነግረናል እንጂ ብርታቱን አይነግረንም፤ እንዲያውም እጅግ ቀጭኑ ቶሎ ይጨማደዳል። ዘወትር ለሚለበስ ሸሚዝ ሁለት ክር አብሮ የተገመደበት 80 ወይም 100 ይበቃል።

ሦስተኛው ሰፊ 90 ዶላር ይጠይቃል። ይህ ሰው 14 ልኮችን ይፈልጋል፤ እያንዳንዱም ከየት እስከ የት እንደሚለካ በሥዕል ያሳያል። የሰውነት ልክና የሸሚዝ ልክ አንድ እንዳይደሉ ያስጠነቅቃል፤ ለምን ቢባል ሸሚዝ በደረት ዙሪያ ከሰውነት 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ካልሰፋ እንደ ልብ አያስተነፍስም። ጥጥ በመጀመሪያዎቹ አጠባዎች ከመቶ 2 ወይም 3 እጅ ሊያጥር ስለሚችል፣ 64 ሳንቲ ሜትር የሆነ እጅጌ ወደ 2 ሳንቲ ሜትር እንዳይጐድል አስቦ እንደሚቈርጥም ይገልጻል። ከሁሉ በላይ፣ የመጀመሪያው ሸሚዝ ባይሆን እንደ ገና እንደሚሰፋ አስቀድሞ ጽፏል። ብዙ የሚጠይቅ ሠሪ ብዙ ከሚያወድስ ሠሪ ይሻላል ብዬ እርሱን መረጥሁ። ምርጫዬ ትክክል ነበር፤ ጥፋቱ የመጣው ከሌላ ነው።

መመሪያው፣ «ራስህን አትለካ፤ ሌላ ሰው ይለካህ» ይላል። ልጄም ሜትሩን ይዞ፣ «አባባ፣ ልለካዎት» አለኝ። እኔ ግን እምቢ ብዬ፣ በሩን ዘግቼ ብቻዬን ተለካሁ። ምክንያቱን ልንገርህ። የ9 ዓመት ልጅ ሳለሁ ከሾላ ዛፍ ወድቄ ግራ ክንዴ ተሰብሮ ነበር፤ እያደግሁ ስሄድ ከቀኙ በ3 ሳንቲ ሜትር አጥሮ ቀረ። ከ50 ዓመት በላይ ይህን ስሸሽግ ኖሬአለሁ። ሳስተምር ግራ እጄን ኪሴ ውስጥ እከታለሁ፤ ፎቶግራፍ ስነሣም ቀኝ ጐኔን አዞራለሁ። ስለዚህ ሁለቱንም እጅጌ 64 ብዬ ጻፍሁ። ሆዴንም፣ 103 ሆኖ ሳለ፣ ትንፋሼን ውጬ 95 አደረግሁት።

ሸሚዙ በሦስት ሳምንት ደረሰ። ስለብሰው በሆዴ ላይ ያሉት ቁልፎች ተወጠሩ፤ የግራው እጅጌም እስከ ጣቶቼ ሥር ወረደ። ሠርጉ ሊደርስ የቀረው 24 ቀን ነበር። በቍጣ ተነሥቼ፣ «የማታውቁትን ሙያ እናውቃለን እያላችሁ የሰው ገንዘብ ትበላላችሁ» የሚል ደብዳቤ ላክሁ።

በማግስቱ መልስ መጣ፤ የቍጣ ቃል አልነበረበትም። እኔ የላክሁትን 14 ቁጥር በአንድ በኩል፣ የተሰፋውን ሸሚዝ ልክ በሌላ በኩል አሰልፈው ጽፈዋል፤ አንዱም ከሌላው አልተዛነፈም። በመጨረሻም፣ «ሌላ ሰው ለክቶዎት አዲሱን ቁጥር ቢልኩልን፣ በደንባችን መሠረት ያለ ዋጋ እንደ ገና እንሰፋለን» ይላል። ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። የራስዋ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእኔ ነበር።

በዚያች ሌሊት ሁለት አሳብ ተከራከረብኝ። አዲሱን ቁጥር ልኬ ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም፤ ሸሚዙም በነጻ ይመጣል። ነገር ግን ለ38 ዓመት ተማሪ ሲያጠፋ «ጥፋትህን ቆመህ ተናገር» ስል የኖርሁ ሰው፣ ተራው ለእኔ ሲደርስ ልቀመጥን? ሲነጋ ልጄን ጠርቼ፣ «ና ለካኝ፤ ግራው ያጥራል» አልሁት። እርሱም ዝቅ ብሎ እየለካኝ፣ «አባባ፣ አውቃለሁ እኮ። ልጆች ሳለን ሁልጊዜ የሚያቅፉን በቀኝዎ ነበር። እንዳይከፋዎት ብለን ነው ዝም ያልነው» አለኝ። እኔ ከልጆቼ የሸሸግሁ መስሎኝ ሳለ፣ እነርሱ ማወቃቸውን ከእኔ ሸሽገው ኖረዋል።

ወዲያው፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሦስት ቁጥር ሳይሆን ሁለት ቁጥር ብቻ፣ ግን እያወቅሁ አሳስቼ ጻፍሁ፤ ስድቡም አይገባችሁም ነበር፤ ዋጋውን እከፍላለሁ» ብዬ ላክሁላቸው። የስፌቱን ዋጋ ደንብ ነው ብለው አልቀበልም አሉ፤ በፍጥነት ለመላኪያ የሚጠየቀውን 30 ዶላር ግን እኔ ከፈልሁ። ሸሚዙ ከሠርጉ ሁለት ቀን አስቀድሞ ደረሰ፤ ቀኙ እጅጌ 64፣ ግራው 61። በሠርጉም ቀን ልጄን በግራ ክንዴ ይዤ ገባሁ።

እንግዲህ ወጣት አንባቢ ሆይ፤ እንዲህ ባለ መንገድ ሸሚዝ ለማሰፋት ብታስብ በመጀመሪያ አንድ ብቻ እዘዝ፤ ታጥቦ ልኩ ከተረጋገጠ በኋላ ሌላውን ጨምር። የሚጠይቅህን፣ የሚያስጠነቅቅህን፣ ስሕተት ቢደርስ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ የሚጽፍልህን ሠሪ ምረጥ። ነገር ግን የሠሪው ብልኃት ሁሉ አንተ ከሰጠኸው ቁጥር አያልፍም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ ልኩን የደበቀ ሰው የሚስማማውን ልብስ፣ የሚስማማውን ሥራ፣ የሚስማማውን ወዳጅ አያገኝም። ሜትሩን ለሚወድህ ሰው ስጠው፤ የሚያነብልህንም ቁጥር ሳትቀንስ ጻፍ።