ሥራ ላይ ሆኖ ሥራ መፈለግ፦ የሪፈረንስ ነገር በዋሺንግተንና አካባቢዋ

አሜሪካ ውስጥ ሪፈረንስ የሚባለው አዲሱ ቀጣሪ አመልካቹን ከሚያውቁ አለቆችና ባልደረቦች ዘንድ ደውሎ የሚወስደው ምስክርነት ነው። አመልካቹ ገና ሥራ ላይ ከሆነና መፈለጉን ማንም እንዲያውቅበት ካልፈለገ፣ ያ ጥሪ ያለጊዜው አሁን ያለበት መሥሪያ ቤት እንዳይደርስ አስቀድሞ መጠንቀቅ አለበት።

ኢትዮጵያ ውስጥ ይኸው ጉዳይ በአብዛኛው በወረቀት ያልቃል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ሠራተኛው በጠየቀው ጊዜ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ በነፃ እንዲሰጥ ያስገድዳል። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ግን እንዲህ ያለ ግዴታ አልጣለም። ስለዚህ አዲስ መጪው ማኅተም ያረፈበትን የሥራ ልምድ ደብዳቤ በፕላስቲክ ሸፍኖ ሲያቀርብ፣ ኤች አር (የሰው ኃይል ክፍል) የተቀመጠችው ሴት ደብዳቤውን አየት አድርጋ ትመልስና «የአለቃህን ስልክ ስጠኝ» ትለዋለች።

ምስጢር መጠበቁ የግድ የሚሆነው ሕጉ ለሠራተኛው የሚሰጠው ከለላ የሳሳ ስለሆነ ነው። ከሞንታና በቀር በሁሉም ስቴቶች፣ በዋሺንግተን ዲሲም፣ ቅጥር በመሠረቱ «አት ዊል» ነው፤ አሠሪው በሕግ ተለይተው ከተከለከሉት ምክንያቶች ውጭ ሠራተኛውን በፈለገው ቀን ማሰናበት ይችላል። ሌላ ሥራ ሲፈልግ ተገኘ ብሎ ማሰናበት ደግሞ በአብዛኛው ከተከለከሉት ውስጥ አይገባም። የኅብረት ስምምነት ያላቸው ሠራተኞች ብዙውን ጊዜ የተሻለ መከታ አላቸው። ማኅበር የሌለው የፓርኪንግ ገንዘብ ተቀባይ ወይም የአረጋውያን መጦሪያ ረዳት ግን የቤት ኪራይ በሚከፈልበት ሳምንት ያለ ሥራ ሊቀር ይችላል።

የመጀመሪያው ጥንቃቄ ማመልከቻው ላይ ነው። «አሁን ያሉበትን አሠሪ ማነጋገር እንችላለን?» የሚል ጥያቄ ከነሳጥኑ ይመጣል። «አይ» ማለት የሚደበቅ ነገር ያለ ያስመስላል ብለው ሰግተው «አዎ» ላይ ምልክት የሚያደርጉ ወገኖች አሉ። ስጋቱ ያለቦታው ነው፤ ሥራ ላይ ካለ አመልካች «አይ» የሚል መልስ የተለመደ ነው። ቃለ መጠይቅ ላይም ሲነሳ፣ አለቃን ማነጋገር የሚቻለው የቅጥር ደብዳቤው በእጅ ከገባ በኋላ መሆኑን በትሕትና መናገር ይበቃል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ሁለተኛው ቅጽ ላይ ነው። ቀጣሪው የባክግራውንድ ቼክ (የአመልካቹን የኋላ ታሪክ የማጣራት) ሥራውን ለሌላ ድርጅት ሲሰጥ፣ ያ ድርጅት የራሱን ቅጽ በኢሜይል ይልካል፤ ያው ሳጥን እዚያም ይጠብቃል። ማመልከቻው ላይ «አይ» ያለ ሰው ከሌሊት ሺፍት ወጥቶ ባቡር ውስጥ በስልኩ እየሞላ ይህችን ሳጥን ቢያልፋት፣ በማግስቱ ሱፐርቫይዘሩ ዘንድ ሊደወል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው ፌር ክሬዲት ሪፖርቲንግ አክት ይህ ዓይነቱ ምርመራ ያለ አመልካቹ የጽሑፍ ፈቃድ እንዳይደረግ ይከለክላል። የሚፈረመውን ወረቀት ቃል በቃል ማንበብ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። አሁን ያለውን ሥራ ለማረጋገጥ ፔይ ስተብ (የደመወዝ መግለጫ ወረቀት) ወይም ደብልዩ ቱ (የዓመቱ የደመወዝና የግብር መግለጫ) በቂ ይሆን እንደሆነ መጠየቅ ይቻላል። ብዙ ትልልቅ አሠሪዎች ደግሞ የሠራተኞቻቸውን መረጃ ኢኩፋክስ የተባለው ድርጅት ለሚያስተዳድረው «ዘ ወርክ ነምበር» ለተሰኘ የመረጃ ቋት ስለሚሰጡ፣ የቅጥር ቀኑና የሥራ መደቡ ለማንም ሳይደወል ከዚያ ሊረጋገጥ ይችላል።

ከአሁኑ አለቃ ይልቅ የሚሰጠው ስም የቀድሞ አለቃ፣ ከመሥሪያ ቤቱ የለቀቀ ሱፐርቫይዘር ወይም አፉ የሚታመን የሥራ ባልደረባ ነው። የሥጋ ዘመድ ብዙ ቦታ ተቀባይነት የለውም። ስሙ የሚሰጠው ሰው አስቀድሞ ሊጠየቅ፣ የሥራው ዓይነት ሊነገረው፣ ነገሩ ምስጢር መሆኑም ሊገለጽለት ይገባል። ምስክሩ አዲስ አበባ ያለ እንደሆነ ከስልክ ኢሜይል ይሻላል፤ በብርዱ ወራት ዋሺንግተን ላይ ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን እዚያ ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው። የዘመን አቆጣጠሩም ሊዘነጋ አይገባም። ደብዳቤው ላይ ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ተብሎ የተጻፈው ማመልከቻው ላይ ጁላይ 2017 መሆን አለበት፤ ሳይለወጥ ከተጻፈ አመልካቹ ያልሠራበትን ዘመን የጨመረ ያስመስለዋል።

ከቅጹ ውጭ ጥንቃቄ የሚያሻው የሐበሻው ማኅበራዊ ኑሮ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ውስጥ በአንድ ጋራዥ የሚሠሩት በዕቁብም፣ በቤተ ክርስቲያንም፣ በለቅሶ ቤትም ይገናኛሉ። ቡና ላይ በቅን ልብ የተባለ «እንዲሳካልህ እንጸልያለን» ሰኞ ጠዋት ከሱፐርቫይዘሩ ጆሮ ሊደርስ ይችላል። ለትዳር ጓደኛ ነግሮ ለሌላው ዝም ማለት ንፉግነት አይደለም።

ክፉ ምስክርነት የሚፈራ ሰው ማወቅ ያለበት፣ ብዙ ድርጅቶች የስም ማጥፋት ክስ ፈርተው ከቅጥር ቀንና ከሥራ መደብ በላይ እንደማይናገሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሮቢንሰን በተባለ የቀድሞ ሠራተኛ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ ደግሞ፣ በአድልዎ የከሰሰ የቀድሞ ሠራተኛ አሠሪው በበቀል ክፉ ሪፈረንስ ቢሰጥበት በሕግ መጠየቅ እንደሚችል ተረጋግጧል።

አንዳንድ ቀጣሪ የአሁኑን አለቃ ካላነጋገርኩ አይሆንም ይላል። ያን ጊዜ በሪፈረንስ ውጤት ላይ የተንጠለጠለ የቅጥር ደብዳቤ በጽሑፍ ይጠየቃል፤ ደብዳቤው ሲደርስ ሠራተኛው ጥሪውን ቀድሞ ለአለቃው በራሱ አንደበት ይነግራል። የተለመደው የሁለት ሳምንት የመልቀቂያ ኖቲስ የሚገባው ምርመራው ማለቁና የሥራ መጀመሪያ ቀኑ በጽሑፍ ከተረጋገጠ በኋላ ነው።