ባርሴሎና ገበያ ለመውጣት ስንት ቃል ይበቃል?

ባርሴሎና ሲባል ለእኛ ሰው መጀመሪያ ትዝ የምትለው ደራርቱ ቱሉ ናት። እ.ኤ.አ. በ1992 በዚያ ከተማ በ10,000 ሜትር ወርቁን ስታጠልቅ ደስ ያላለው ማን ነበር? ኳስ ወዳዱ ደግሞ ክለቡን ይጠራል። እኔ ግን ዘመድ ጥየቃ ሄጄ ሦስት ሳምንት ስከርም፣ ከስታዲየሙም ከባሕሩም ይልቅ ያስጨነቀኝ የዳቦ ቤቱ ሰልፍ ነው።

መቼም ስፔን የሚሄድ ሰው ስፓኒሽ ይበቃኛል ብሎ ነው የሚነሳው። እኔም በአውሮፕላን ውስጥ ሳነበንበው የሄድኩት ስፓኒሽ ነበር። ለካስ ባርሴሎና የካታሎኒያ ዋና ከተማ ናት፤ ካታሎኒያ ደግሞ ካታላን የሚባል የራሷ ቋንቋ አላት። የስፓኒሽ ዘዬ እንዳይመስላችሁ፤ እንደ ጣሊያንኛና እንደ ፈረንሳይኛ ከላቲን የተወለደ ራሱን የቻለ ቋንቋ ነው። ፍራንኮ እስኪሞት፣ ማለትም እስከ 1975 ድረስ፣ ከመሥሪያ ቤት ተባርሮ ነበር የኖረው። ሰዉ ግን በየጓዳው ሲያወራው ቆየ። ዛሬ ከስፓኒሽ ጋር የመንግሥት ቋንቋ ነው። ከትምህርት ቤት ለወላጅ የሚላከው ደብዳቤ ሳይቀር በአብዛኛው በእሱ ይጻፋል።

ያረፍኩት ከአንዲት ዘመዴ ቤት ነው። አዛውንት እያስታመመች አንድ ልጇን ታሳድጋለች። ልጁ 10 ዓመቱ ነው፤ ካታላኑን እንደ ዳዊት ይደግመዋል። እሷ ግን ለዓመታት ከተሰባበረ ስፓኒሽ አላለፈችም። ገበያ ልጇ፣ ባንክ ልጇ፣ ሐኪም ቤት ልጇ። አንደበቷ እሱ ነበር።

አንድ ማታ ቡና እያፈላች ያጫወተችኝን ልንገራችሁ።

«ጡቴ ላይ እብጠት ቢጤ ወጣና ልጄን ይዤ ሄድኩ። ሐኪሟ ብዙ ተናገረች። ልጄ ዝም አለ። ‹ምን አለች?› ስለው ‹ምንም የለም እማዬ፣ ደህና ነሽ› አለኝ። ሌሊት ሲያለቅስ ሰማሁት። ለካ ‹ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል፣ ቶሎ ተመለሺ› ብላ ኖሯል። እንዳልደነግጥ ብሎ ውጦት ነው! በማግስቱ ብቻዬን ሄጄ ቀጠሮ ጠየቅሁ። ‹ዶስ ኳርትስ ደ ኖው› አሉኝ። ኖው ዘጠኝ መሆኑን አውቃለሁ፤ ዘጠኝ ተኩል ነው ብዬ ሄድኩ። ቀጠሮው አልፏል!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ካታላኖች በድሮው ልማዳቸው ሰዓት ሲናገሩ የሚመጣውን ሰዓት ይይዙና ከእሱ ስንት ሩብ እንደሞላ ይቆጥራሉ። «ኡን ኳርት ደ ኖው» ማለት ከዘጠኝ አንዱ ሩብ ሞልቷል ነው፤ በፈረንጅ 8፡15፣ በእኛ ሁለት ከሩብ። «ዶስ ኳርትስ ደ ኖው» በእኛ ሁለት ተኩል ነው። «ትሬስ ኳርትስ ደ ኖው» ደግሞ ለሦስት ሩብ ጉዳይ። ዘመዴ የደረሰችው ልክ አንድ ሰዓት ዘግይታ ነበር።

ደግነቱ በሦስተኛው ቀጠሮ ተመረመረችና እብጠቱ ክፉ ሆኖ አልተገኘም። እሷ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ «የሰውነቴን ነገር በልጄ ጆሮ አልሰማም» ብላ ማለች። ለጀማሪ በነፃ የሚሰጥ የካታላን ትምህርት አለ፤ ገባች። ቋንቋውን ከሚያውቅ በጎ ፈቃደኛ ጋር በሳምንት አንድ ሰዓት እየተገናኙ የሚያወሩበት፣ ቢያንስ የ10 ሰዓት ፕሮግራምም አለ። ከአንዲት ጡረተኛ ጋር ተጣመረች።

እኔንም ማታ ማታ ታስተምረኝ ጀመር። ለእኛ አፍ ካታላን አይከብድም። ስፓኒሽ የሌለው «ዥ» እና «ዝ» ካታላን ውስጥ አለ። «ዦ» ማለት እኔ ነው። የ«ኝ» ነገርማ አገሩ ራሱ «ካታሉኝያ» ነው። አንቱታም አላቸው፤ «ቦስቴ» እርስዎ እንደማለት ነው።

ግን ወጥመዱም አይጠፋም። መድኃኒት ቤት ሄጄ ያዘዝኩት አልደረሰም። ሴትዮዋ «ደማ! ደማ!» ትለኛለች። ምኔ ነው የደማው ብዬ እጄን አገላበጥኩ። ለካ «ደማ» ነገ ማለት ነው!

የባሰው ደግሞ አለ። አንድ ጠዋት «ባች ኩምፕራ ፓ» ብዬ ልወጣ ስል ልጁ በሳቅ ፈረሰ። «አጎቴ፣ ታዲያ ዳቦው የታለ?» አለኝ። «ባች» ብቻውን «እሄዳለሁ» ነው። «ኩምፕራ» መግዛት፣ «ፓ» ዳቦ። እኔ «ዳቦ ልገዛ ነው» ያልኩ መስሎኛል። ግን ሁለቱ ግሦች ሲገጣጠሙ ነገሩ ያለፈ ይሆናል፤ «ዳቦ ገዛሁ» ማለቴ ነበር! ልገዛ ነው የምሄደው ለማለት መሐል «አ» ትገባለች፤ «ባች አ ኩምፕራ ፓ»።

ወደዚያ የምትሄዱ ካላችሁ ይቺን ያዙ። ሱቅ ስትገቡ «ቦን ዲያ» ሳትሉ ዕቃ አትጠይቁ፤ ከምሳ በኋላ «ቦና ታርዳ» ነው። ሰልፉ መስመር ላይኖረው ስለሚችል «ኪ ኤስ ሉልቲም?» ብላችሁ የመጨረሻው ማን እንደሆነ ጠይቁ። «ፖዚም» ማለት ያድርጉልኝ፣ ይስጡኝ ነው። «ኳን ባል?» ዋጋው ስንት ነው። «ሲስ ፕላው» እባክዎ፤ «ሜርሲ» አመሰግናለሁ።

በመጨረሻው ቅዳሜ ሦስታችን ከ1882 ጀምሮ ወዳለው የሳንት አንቶኒ ገበያ ሄድን። ዘመዴ «ኪ ኤስ ሉልቲም?» አለች። አንዲት ባልቴት «ዦ» ብለው እጃቸውን አነሱ። ተራዋ ሲደርስ ሻጩ ፀጉረ ልውጥነቷን አየና በስፓኒሽ ጀመረ። «ፓርሊም አን ካታላ፣ ሲስ ፕላው» አለችው። በካታላን ያናግሩኝ ማለቷ ነው። ሰውዬው ፈገግ አለ።

«ፖዚም ሚጃ ዱድዜና ዶውስ።»

ስድስት እንቁላል! ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው እንዲህ ላለው አይደል? ልጁን በዓይኔ ፈለግሁት። እናቱ አጠገብ አልነበረም። በር ላይ ከእኩዮቹ ጋር ኳስ ያንከባልላል።