ከጠጉሩ ቀለም ባሻገር

የአገራችን ሰው ለእንስሳት መልክ ስም ማውጣት ልማዱ ነው። ፈረሱን አምባላይ፣ ዳማ፣ ቦራ ይለዋል፤ በሬውንም ቡሬ፣ ዳለቻ እያለ ይጠራዋል። መልክ መለያ ነውና። ነገር ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ ያ መልክ ከወላጅ ወደ ልጅ እንዴት እንደሚሸጋገር ጠይቀህ ታውቃለህን? እኔ ይህን በጠየቅሁ ጊዜ ከሁሉ አብልጦ ያስረዳኝ ላብራዶር የተባለው የውሻ ዘር ነው።

የላብራዶር ቅድመ አያቶች በካናዳ፣ በኒውፋውንድላንድ ደሴት፣ ዓሣ አጥማጆችን ያገለግሉ የነበሩ ውሾች ናቸው። ወደ ብሪታንያ ተወስደው ከተራቡ በኋላ የአገሪቱ የውሻ ማኅበር፣ ኬነል ክለብ፣ በ1903 እ.ኤ.አ. ራሱን የቻለ ዘር መሆኑን ዐወቀ። የዘሩ ቀለም ሦስት ነው፤ ጥቁር፣ ቡናማና ቢጫ። በጥንቱ ጊዜ አርቢዎች ጥቁሩን ያስበልጡ ነበር። ይሁን እንጂ ከጥቁር ወላጆች አልፎ አልፎ ቢጫ ወይም ቡናማ ቡችላ መወለዱ አልቀረም።

ይህ ለምን ይሆናል? ቀለሙን በዋናነት የሚወስኑት ሁለት በራሂዎች ናቸው። ቡችላው ከእያንዳንዱ በራሂ አንዱን ቅጂ ከአባቱ፣ ሌላውን ከእናቱ ይወርሳል። የመጀመሪያው በራሂ ጠቆር ያለው ቀለም ጥቁር ወይም ቡናማ እንዲሆን ያደርጋል። የጥቁሩ ቅጂ ኃያል ነውና አንዱ ብቻ ይበቃዋል፤ ቡናማ ለመሆን ግን ሁለት የቡናማ ቅጂ ያስፈልጋል። ሁለተኛው በራሂ ደግሞ እንደ በር ጠባቂ ነው። ሁለቱም ቅጂዎቹ የማይሠሩ ከሆነ ጠቆር ያለው ቀለም ወደ ጠጉሩ አይደርስም፤ ውሻውም ቢጫ ይሆናል። የቢጫው ውሻ አፍንጫ ግን የተሸሸገውን ይገልጣል፤ ጥቁር ወይም ቡናማ ነውና።

እንግዲህ ሁለቱንም የተሸሸጉ ቅጂዎች የያዙ ሁለት ጥቁር ውሾች ቢዳቀሉ፣ በአማካይ ከ16 ቡችሎች 9 ጥቁር፣ 3 ቡናማ፣ 4 ቢጫ ይሆናሉ። ጎርጎር ሜንዴል በ1866 እ.ኤ.አ. በአተር ላይ ያደረገውን ምርምር ባሳተመ ጊዜ ያስረዳው የውርስ ሕግ በውሻም ላይ ይሠራል ማለት ነው።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ የሚያስደስት ዕውቀት ነው፤ የሚያሳስበው ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በብሪታንያ በእንስሳት ሐኪም የታዩ ላብራዶሮችን መርምሮ፣ የቡናማዎቹ የዕድሜ መካከለኛ 10.7 ዓመት፣ የሌሎቹ ግን 12.1 ዓመት መሆኑን አሳየ። የጆሮና የቆዳ ሕመምም በቡናማዎቹ ዘንድ በዝቶ ተገኘ። ቀለሙ ራሱ ገዳይ ነው ለማለት አይቻልም። ተመራማሪዎቹ እንደ ገመቱት፣ ቡናማ ቡችላ ለማግኘት ሁለቱም ወላጆች ቅጂውን መያዝ ስላለባቸው ቀለሙን ብቻ የሚሹ አርቢዎች ከጥቂት ውሾች መካከል ይመርጣሉ፤ ምርጫው ሲጠብም የበሽታ ውርስ አብሮ ሊጠራቀም ይችላል።

ስለዚህ እኔ የምፈርደው በውሻው ላይ ሳይሆን በመራጩ ላይ ነው። ለዓይን ደስታ ሲባል የሌላውን ፍጡር ዕድሜ ማሳጠር ተገቢ መስሎ አይታየኝም። አንተም አንድ ቀን ውሻ ለማሳደግ ብታስብ፣ ስለ ጠጉሩ ከመጠየቅህ አስቀድሞ የወላጆቹ የዳሌና የክርን መገጣጠሚያ ተመርምሮ እንደ ሆነ፣ ዐይናቸውም ጤነኛ እንደ ሆነ ጠይቅ። ቀለሙን በአንድ አፍታ ታየዋለህ፤ ከጤናው ጋር ግን ዓመታት ትኖራለህ።