60 ደቂቃ

አባዬ ከመሥሪያ ቤት ያመጣው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ፕሪንስ ኦፍ ፐርሺያ ነበር። ልዕልቷን ለማዳን የሚሰጠው 60 ደቂቃ ብቻ ነው። ታላቅ ስለሆንኩ ኪቦርዱ የኔ ነው፤ ታናሽ ወንድሜ አጠገቤ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ "ዝለል! ሾህ አለ!" ይላል። "ስሞት ተራው ያንተ ነው" እለዋለሁ። ስሞት ግን "አንዴ ብቻ ልድገም።" ከዚያ መብራት ይጠፋል። እንደገና ከዜሮ።

ዛሬ እንጀራዬ ኮድ መጻፍ ነው። የጨዋታው የመጀመሪያ ኮድ እ.ኤ.አ. በ2012 ለሕዝብ ተለቆ ነበርና አንድ ማታ ከፈትኩት። ስለ አሠራሩም አነበብኩ፦ ጆርዳን ሜክነር ልዑሉን ያንቀሳቀሰው ታናሽ ወንድሙ ሲሮጥና ሲዘል በቪዲዮ ቀርጾ፣ ያንን እያየ በመሳል ነው። እኔ የራሴን ወንድም በርጩማ ላይ ነበር ያስቀመጥኩት።

ዱባይ ደወልኩለት።

"ኮንትሮልና ጂ ስትነካ ሴቭ ያደርግ ነበር፤ ታውቃለህ?"

"አውቅ ነበር። አንዴ ስነካካ አገኘሁት።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"ሴቭ ካደረግክማ መቼ ተራ ይደርሰኛል? ከዜሮ ሲጀመር ይሰጠኛል ብዬ ነዋ።"

"ሰጥቼህ አውቃለሁ?"

ሳቀ እንጂ አልመለሰልኝም።