ሻንጣው የማን ነው?

አንድ ሰው ወደ ውጭ ሊሄድ ወይም ከውጭ ሊመጣ ነው ከተባለ፣ «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ» ከመባሉ በፊት የሚቀርብለት ጥያቄ አለ። «ኪሎ አለህ?»

ኪሎ በእኛ ዘንድ የክብደት መለኪያ ብቻ አይደለም፤ የዝምድናም መለኪያ ነው። ለማን ሁለት ኪሎ ሰጠህ? ማንን «ሞልቶብኛል» ብለህ መለስክ? በዚህ ሰበብ ሰላምታ ያቋረጡ የአክስት ልጆች እናውቃለን። ደግሞ ዕቃ የሚልክ ሰው ክብደቱን በትክክል ተናግሮ አያውቅም። «ትንሽ ነገር ናት፣ ኪሎም አትሞላ» ተብላ የመጣች ፌስታል ሚዛን ላይ ስትወጣ አራት ኪሎ ትሆናለች። (ሰፈሩን አይደለም ያልነው።)

በአንዳንድ አየር ማረፊያዎች ሻንጣ ስናስመዝን «ሌላ ሰው አድርሱልኝ ብሎ የሰጣችሁ ዕቃ አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። ፈረንጁ «የለም» ብሎ ያልፋል። ሐበሻ ግን ጥያቄውን ሲሰማ መጀመሪያ ፈገግ ይላል። አለ እንጂ! ሰፈሩ በሙሉ አለ። የሐበሻ ሻንጣ የአንድ ሰው ሻንጣ ሆኖ አያውቅማ። ስማችን የተለጠፈበት እኛ ስለምንጎትተው ነው እንጂ፣ ውስጡ ያለው የሌላ ሰው ነው። የዛሬው ጨዋታችንም እዚህ ላይ ነው፤ እንዲህ ያለው ሻንጣ ሲጠፋ የጠፋው የማን ነው?

በ2017 ዓ.ም. ክረምት ሦስት ጓደኛሞች ከሲያትል ተነስተን፣ አውሮፓ ላይ አውሮፕላን ቀይረን ቦሌ ገባን። ስድስት ሻንጣ አስረክበን ነበር፤ አራት ተረከብን። የአየር መንገዱን ስም አንጠራም። የቀሩትም በየተራቸው የሚያደርጉት ነገር ስለሆነ አንዱን ብቻ ማማት ይሆንብናል። የሚሽከረከረውን ቀበቶ ከበን የቆምነው ሰዎች አንድ በአንድ እየቀነስን ሄድን። ሻንጣው እንዳይጠፋን ብለን እጀታው ላይ ያሰርነው አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ጥብጣብ ምንም አልጠቀመንም። ያልታሰረበት ሻንጣ አልነበረምና ስንቱን እያነሳን ስንቱን መለስን! በመጨረሻ ቀበቶው ቆመ።

የራሳችን ልብስ ቢጠፋ ልብስ ነው። ከጠፉት ሁለት ሻንጣዎች ውስጥ ግን ሦስት አደራዎች ነበሩ። አንደኛው ሽሮ ሜዳ ለሚኖር የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ የተላከ ጫማ ነው። እግሩን ወረቀት ላይ አስቀምጠው በእስክርቢቶ ዙሪያውን ስለውት፣ ሥዕሉ በስልክ ተልኮ፣ አጎቱ በልኩ የገዛለት ነው። ሁለተኛው ሳሪስ ያለች ሕፃን በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳ የምትለብሰው ነጭ ቀሚስ ነው። ሦስተኛው የአጎት ነገር ሆነና ጫማው ውስጥ፣ በካልሲ ተጠቅልሎ የተቀመጠ የግላኮማ የዓይን ጠብታ ነው። ባለቤቱ ጎፋ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ግላኮማ ደግሞ ክፉ በሽታ ነው፤ የወሰደውን ብርሃን አይመልስም። ጠብታው የቀረውን ለማቆየት ነው።

የጠፋ ዕቃ ወደሚመዘገብበት መስኮት ሄድን። ቅጹ እንግሊዝኛ ነው። የሻንጣው ቀለም ምን ዓይነት ነው? ከእነዚህ ሥዕሎች የትኛውን ይመስላል? ውስጡ ምን አለ? ሲገኝ የት እናድርስ? ይኼ የመጨረሻው ጥያቄ ለአዲስ አበባ ሰው ፈተና ነው። «ከወፍጮ ቤቱ ገባ ብሎ፣ ሰማያዊ በር፣ ውሻ አለ» የሚል አድራሻ ቅጹ ላይ ቦታ የለውም።

ከፊታችን አንዲት ልጅ ቆማለች። ከቤይሩት ነው የመጣችው፤ ሦስት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ፣ አንድ የባሕረ ሰላጤ ከተማ ላይ አውሮፕላን ቀይራ። የእሷ ሁለቱም ሻንጣዎች አልመጡም። አገሯ ወሎ ነው፣ ከደሴ አለፍ ብሎ። «እንደውልልሻለን» አሏት። በየት ይደውሉላት? የአገር ውስጥ ሲም ካርድ ገና አላወጣችም። ቅጹን ልንሞላላት «ውስጡ ምን ነበር?» ስንላት የዕቃ ስም አልጠራችም፤ የሰው ስም ጠራች። ብርድ ልብሱ የእናቴ ነው፣ ጃኬቱ የወንድሜ፣ ሽቶው የአበልጄ፣ ሰዓቱ መሄጃ ገንዘብ ያበደረኝ አጎቴ። የዋጋ ግምት የሚለው ቦታ ላይ ስንደርስ ዝም አለች። የስልክ ቁጥር የሚለው ላይ የእኛን ጻፍን። ስንለያይ የጠየቀችን አንድ ነገር ብቻ ነው። «ወረቀቱን ስጡኝ፣ ለእናቴ አሳያታለሁ።»

እናቷ እንግሊዝኛ አታነብም። ወረቀቱ ግን ማኅተም አለው።

ያኔ ነገሩ ሙሉ ለሙሉ የገባን አይመስለንም። የገባን በማግስቱ ነው። ሽሮ ሜዳ ሄደን «ጫማው መንገድ ላይ ቀርቷል» ስንል የልጁ እናት «እናንተ በሰላም ግቡ እንጂ ጫማ ምን አላት!» አሉ። ቡና ተፈላ። ልጁ ግን እያየን ነው። እኛም ማንም ሳይጠይቀን ከኪሳችን ወረቀት አውጥተን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋነው። ሳሪስም ዘረጋነው፣ ጎፋም ዘረጋነው። ለአየር መንገዱ የካሳ መጠየቂያ የሆነው ቅጽ ለእኛ የሌላ ነገር ማስረጃ ሆነ፤ ሌባ ያለመሆናችን።

አበው «ሰማይ ሩቅ ነው፣ አደራ ጥብቅ ነው» ይላሉ። በአማርኛ ከባድ ከሚባሉት ስድቦች አንዱ «አደራ በላ» ነው። «ሻንጣዬ ጠፋ» የሚል ሰው ሲመጣ ደግሞ ከጀርባው የሚባለውን ሁላችንም እናውቃለን። «ጠፋ አለ? እንዴት የሷ ብቻ ይጠፋል?» «ለምኗ ሸጠችው ይሆን?» ከሦስት ዓመት በኋላ ባዶ እጇን ለገባች ልጅ ይህ ወሬ ከሻንጣው ይከብዳል።

እውነቱን ለመናገር አብዛኛው ሻንጣ አይሰረቅም፣ ይቀራል እንጂ። እጀታው ላይ የሚለጠፈው ወረቀት አሥር አሃዝ ያለው ቁጥርና የመድረሻውን አየር ማረፊያ ሦስት ፊደላት ይዟል፤ የቦሌ «ኤ ዲ ዲ» ነው። አውሮፕላን በሚቀየርበት ከተማ ሻንጣው ይወርዳል፣ ቁጥሩ በማሽን ይነበባል፣ ይለያል፣ በጋሪ ወደ ሁለተኛው አውሮፕላን ይሄዳል። የመጀመሪያው አውሮፕላን ከዘገየ ተሳፋሪው ሮጦ ይደርሳል። ሻንጣ አይሮጥም። የአየር መንገዶችን የመረጃ ሥርዓት የሚሠራው ሲታ የተባለው ድርጅት ባወጣው ቁጥር መሠረት፣ በ2007 እ.ኤ.አ. ከሺህ ተሳፋሪ ወደ 19 የሚጠጋ ሻንጣ ይዘገይ፣ ይጎዳ ወይም ይጠፋ ነበር። በ2024 እ.ኤ.አ. ቁጥሩ ወደ 6.3 ወርዷል። ከምክንያቶቹ ትልቁ አሁንም አውሮፕላን መቀየር ነው። ለስታትስቲክስ ጥሩ ዜና ነው፤ ከስድስቱ አንዷ ለሆነችው ልጅ ግን ምኗም አይደለም።

ሕጉስ? ሕግማ አለ። የ1929 እ.ኤ.አ. የዋርሶ ስምምነት የጠፋን ሻንጣ በኪሎ ነበር የሚተምነው፤ በኪሎ 250 ፍራንክ። በዚያ ስሌት የመምህሩ ጠብታ ሳንቲምም አታወጣ። በ1999 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት ኪሎውን ትቶ ሰው ቆጠረ። ከታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ጀምሮ የአንድ ተሳፋሪ ሻንጣ ጣሪያ 1,519 የሚባል የዓለም ገንዘብ ድርጅት መለኪያ ነው፤ ወደ 2,000 ዶላር ገደማ። ጣሪያ ነው እንጂ ስጦታ አይደለም፤ ደረሰኝ ይጠየቃል። የተጎዳ ሻንጣ ከሆነ በ7 ቀን፣ የዘገየ ከሆነ ከተረከብን በኋላ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት አለብን። 21 ቀን ሙሉ ካልመጣ እንደጠፋ ይቆጠራል። የመክሰሻው ጊዜ ሁለት ዓመት ነው።

ጥሩ ሕግ ነው፤ ግን የሚያውቀው ተሳፋሪን ብቻ ነው። «ሻንጣው የማን ነው?» ሲባል መልሱ ትኬቱ ላይ ያለው ስም ነው። ሕፃኗ የለችበትም፣ መምህሩ የሉበትም። ደረሰኙ ሲያትል አጎት ኪስ ውስጥ ነው። ካሳው ቢመጣስ? ክርስትናው ላይ ሄዶ «የቀሚሱ ዋጋ ይኸው» የሚል ማን ደፋር አለ?

ባለቤቱ ያልተገኘ ሻንጣ የት እንደሚደርስ ታውቃላችሁ? አሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ ስኮትስቦሮ በምትባል ትንሽ ከተማ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ ትልቅ ሱቅ አለ። አየር መንገዶች ፈልገው ፈልገው ባለቤት ያጡለትን ሻንጣ ይገዛል፣ ከፍቶ ይሸጣል። የእናቶቻችን በርበሬ እዚያ ሲከፈት ሠራተኞቹ ምን ያህል እንደሚያስነጥሳቸው እያሰብን ስቀናል። ቀጥሎ ግን የሕፃኗ ቀሚስ መስቀያ ላይ፣ የዋጋ ወረቀት ተንጠልጥሎበት ታየን። ሳቁ እዚያ ላይ ቆመ።

የእኛ ሻንጣዎች በዘጠነኛው ቀን መጡ። ጫማው ደረሰ፤ ልጁ ዝናብ ላይ ወጣበት። ክርስትናው በሁለት ቀን አልፎ ነበር። ሕፃኗ ከጎረቤት ልጅ በተዋሱት ቀሚስ ተነሳች፤ ፎቶው ላይ ትንሽ ሰፍቷታል። የመምህሩን ነገር ግን ዘጠኝ ቀን አልጠበቅንም። ሐኪማቸውን አስፈቅደን ተመሳሳዩን ፍለጋ ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት ዞረን፣ በሦስተኛው ቀን ፒያሳ አካባቢ አገኘን። ጋሼ ወረቀታችንን ስናሳያቸው ገፋ አድርገው «ይኼን ለእኔ ነው የምታሳዩት?» አሉን። ዓይናቸው በደንብ አያይም፤ የተቆጡት ግን በዚያ አልነበረም።

የቤይሩቷ ልጅ ስልክ በአሥራ ሰባተኛው ቀን በእኛ ቁጥር ተደወለ። አንዱ ተገኝቷል። ፓስፖርቷን ይዛ ራሷ ትምጣ ተባለች፤ ከደሴ ወዲህ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መጣች። የእናቷ ብርድ ልብስ ነበረበት፣ ሰዓቱ አልነበረበትም። ለሁለተኛው ሻንጣ ማመልከቻ ጻፍንላት፤ ከወራት በኋላ የተወሰነ ገንዘብ ተከፈላት። አጎቷ ሰዓቱን አምነዋት እንደሆነ ግን አልጠየቅናትም።

እንግዲህ እኛ የደረስንበት ይህ ነው። ዕቃ የምትልኩ ሰዎች፣ መድኃኒት ከሆነ ለብቻው ስጡ፣ «መድኃኒት ነው» በሉ፤ በእጅ ሻንጣ ይገባል። የምትወስዱ ደግሞ አደራ ስትቀበሉ ሰጪው ፊት ክፈቱት። ቅር የሚለው ካለ ይበለው፤ ያልከፈቱትን ዕቃ መሸከም ከጠፋ ሻንጣ የባሰ ጣጣ አለው። የእያንዳንዱን ዕቃ ፎቶና የባለቤቱን ስም ለሰጪውም ለተቀባዩም ላኩ። እናቶቻችሁን ወደ አሜሪካ ስትልኩ፣ ወረቀቱ ላይ ዴንቨር ቢልም አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ በሚያርፉበት የአሜሪካ ከተማ ሻንጣቸውን ራሳቸው አንስተው እንደገና ማስረከብ እንዳለባቸው በአማርኛ ጽፋችሁ ቦርሳቸው ውስጥ ክተቱላቸው። ሻንጣ ከቀረ ቅጹን ሳትሞሉ ከአየር ማረፊያ አትውጡ። የመጀመሪያው ስልክ ግን ለአደራው ባለቤት ይሁን፤ በዚያው ቀን፣ እዚያው ቆማችሁ።

ለተቀባዮችም አንድ ነገር። «ቀረብኝ» ብሎ ደጃችሁ ላይ የቆመ ሰው ካለ፣ ወረቀት ከኪሱ እስኪያወጣ አትጠብቁት። እንደ ጎፋው ጋሼ ገፋ አድርጉና አስገቡት።

ቸር ይግጠመን።